ለድራግ ስፕሮኬት ስትመርጥ ከመጨረሻው መስመር ጀምር

ባለፈው አንድ የሰፈሬ ልጅ መጣና «የፊቱን 13 ላድርገው?» አለኝ። «ለምን?» ስለው «እንድትፈናጠር ነዋ!» አለ። የፊቱ ያለው ስፕሮኬቱን ነው፣ የሞተር ሳይክል ካቴና የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት። አንዱ ከፊት ሞተሩ ጋ፣ ሌላው ከኋላ ጎማው ላይ አለ፣ 13 ደግሞ የጥርሱ ብዛት ነው። ደሴ ውስጥ ሞተር የያዘ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ይጠይቃል። እኔም ጠይቄ ነበር። እንዲያውም መልሱን ሳልጠብቅ ገዝቼ አስገጥሜ በገዛ ገንዘቤ ተሸንፌበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሬ 150 ሲሲ ናት። ስገዛት ከፊት 14፣ ከኋላ 42 ጥርስ ነበራት። የሆጤን ዳገት ስንወጣ ትንሽ ታቃስትብኝ ስለነበር ከፊት 13፣ ከኋላ 45 አስገጠምኩላት። ወላሂ፣ የመጀመሪያው ቀን ሌላ ሞተር የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ጋዝ ስነካት ትወረወራለች፣ ዳገቱን እያፏጨች ትወጣዋለች። በዚያው ሞቅታ ኮምቦልቻ ወርደን፣ ፈቃድ ባገኘንበት አንድ የተዘጋ ግቢ ውስጥ 201 ሜትር በሜትር ለክተን ተሰለፍን። ከጎኔ የቆመው ልጅ የያዘው ምንም ያልተነካካ ቦክሰር ሞተር ነበር። ስንነሳ ጥዬው ሄድኩ። እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ በስፖኪዮ ነበር የማየው። ከዚያ አራተኛ ማርሽ ላይ ሞተሯ መጮህ ጀመረች። የዙር ቆጣሪው ቀዩ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ጩኸቱ አለ፣ መሄዱ ግን የለም። አምስተኛ ላስገባ ብዬ ፍሪሲዮን ስይዝ ቦክሰሩ በጎኔ ሹልክ ብሎ አለፈ። ጀማው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ከረመ።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ለድራግ፣ ማለትም ከቆሙበት ተነስቶ በቀጥታ መንገድ ለሚደረግ አጭር ሩጫ፣ ስፕሮኬት የሚመረጠው መነሻው ላይ እንዴት እንደምትወረወር ታይቶ አይደለም። መስመሩን ስታቋርጥ በስንተኛ ማርሽ፣ በስንት ዙር ላይ እንዳለህ ታይቶ ነው። ሂሳቡ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፣ ወደ መነሻው የምትመጣው በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠር

ሂሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው፣ አብሽር። የኋላውን ጥርስ ለፊቱ አካፍል። 42 ለ14 ሲካፈል 3 ይመጣል። የፊቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማህ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሲጨምር ሞተርህ ቶሎ ይነሳል፣ ግን በየማርሹ ዙሩ ቶሎ ያልቅበታል። ሲቀንስ ደግሞ ለመነሳት ይከብደዋል፣ ከተነሳ በኋላ ግን በአንድ ማርሽ ብዙ ይሄዳል። የመጀመሪያውን «አጭር»፣ ሁለተኛውን «ረጅም» እያልኩ ልቀጥል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፊትና የኋላ ጥርስ እኩል እየመሰለው ነው። ከፊት ከ14 ወደ 13 ስትወርድ ቁጥሩ ከ3 ወደ 3.23 ይሄዳል፣ 8 በመቶ ገደማ ነው። ከኋላ ከ42 ወደ 43 ብትወጣ ግን ለውጡ 2.4 በመቶ ብቻ ነው። አንዷ የፊት ጥርስ ሦስት የኋላ ጥርስ ታክላለች። የፊቱ መጥረቢያ ነው፣ የኋላው ምላጭ ነው። ፀጉርህን በመጥረቢያ አትቆረጥም። እኔ ግን መጥረቢያውንም ምላጩንም ባንዴ አንስቼ ከ3 ወደ 3.46 ሄድኩ። 15 በመቶ! ለድራግ ሳይሆን ለዳገት እርሻ የሚሆን ነገር ነው የሠራሁት።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ስላለህ አትመን። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ያለፈው ባለቤት ምን እንዳደረገ አታውቅም። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ካልታየህ አንዷን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርግና ዞሮ እስኪመጣ ቁጠር። የፊቱን ለማየት በማርሽ መምቻው በኩል ያለውን ሽፋን መፍታት አለብህ። ፈትተኸው ሳለ የደረቀውን ግራሶና ጭቃም ጥረገው፣ የኛ ሞተሮች እዚያ ውስጥ ግማሽ ኪሎ አፈር ይዘው ነው የሚዞሩት።

ዙሩንና ፍጥነቱን አገናኛቸው

የፕራይማሪውን፣ የየማርሹን፣ የጎማውን ቁጥር እያባዙ ፍጥነት የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ትክክል ነው፣ ግን ለአንተ አያስፈልግም። አንድ ልኬት ይበቃሃል። ሜዳ በሆነ የተዘጋ ቦታ ስልክህን ጂፒኤስ ከፍተህ ሞተሩ ላይ እሰር፣ አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ዙሩን 6000 ላይ ይዘህ ትንሽ ሂድ። ጂፒኤሱ ያለህን ጻፍ። የእኔዋ በ14 እና 42 ላይ 62 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለች። ዙርና ፍጥነት እኩል ስለሚያድጉ፣ 6000 ላይ 62 ከሆነ 9000 ላይ 93 ነው። 8500 ላይ ደግሞ 88 ገደማ። ፍሪሲዮንህ እየተንሸራተተ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ውሸት ይሆናል፣ አስቀድመህ እሱን አስተካክል።

የሞተሩን የፍጥነት ቆጣሪ ለምን አላየሁም? ከፍ አድርጎ የማሳየት ጠባይ ስላለው ነው። ደግሞም ሁሉም ከአንድ ቦታ አይነበብም። ኬብሉ ከፊት ጎማ የሚመጣ ከሆነ ስፕሮኬት ስትቀይር ንባቡ አይለወጥም። ሴንሰሩ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ከሆነ ግን ስፕሮኬት በቀየርክ ቁጥር የሚያሳይህ ፍጥነት ይዛባል፣ ከዚያ «130 ሄድኩ» እያልክ ሰፈር ታስቸግራለህ።

ቀጥሎ ምንም ሳትቀይር ርቀቱን ሮጠህ እየው። መስመሩን ስታቋርጥ ስንተኛ ማርሽ ላይ ነህ? ፍጥነትህ ስንት ነው? እኔ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሼ 201 ሜትሩን በድጋሚ ስሮጥ፣ በአራተኛ ማርሽ በ84 ኪሎ ሜትር አለፍኩ። 84 በእኔ ሂሳብ 8100 ዙር ገደማ ነው። የሞተሬ ማኑዋል ከፍተኛው ጉልበት 8500 ላይ ነው ይላል፣ ዙሩን የምትቆርጠው ደግሞ 9000 ላይ ነው። መስመሩን የማልፈው ሞተሯ ሙሉ ጉልበቷ ጋ ሳትደርስ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ማሳጠር አለብኝ። ምን ያህል? 88ን ለ84 አካፍል፣ 1.05 ገደማ ይመጣል። በ3 አባዛው፣ 3.14 ሆነ። ከፊት 14 ይዤ 3.14 የሚሰጠኝ የኋላ ጥርስ 44 ነው። ሁለት ጥርስ ብቻ።

አሁን ያን የተሸነፍኩበትን 13 እና 45 በዚሁ ሂሳብ እየው። በ3.46 አራተኛ ማርሽ 9000 ዙር ላይ የሚያደርሰኝ 81 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መስመሩ ጋ የምደርሰው በ84 ነው። ስለዚህ ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ የግድ አምስተኛ ማስገባት አለብኝ። ፍሪሲዮን የምይዝባት ጊዜ ትንሽ ናት፣ ለቦክሰሩ ግን በቂው ነበረች።

በ44ቱ 9000 ላይ 89 እደርሳለሁ። መስመሩን ሳልፍ ትንሽ ተራፊ ዙር አለኝ፣ ነፋስ ከኋላ ቢመጣም ሞተሯ አትቆርጥብኝም። ይህችን ተራፊ ዙር አትናቃት። ልክ መስመሩ ላይ የሚያልቅ ዙር በወረቀት ላይ ያምራል፣ መሬት ላይ ግን አንድ ጥሩ አነሳስ ብታደርግ ከመስመሩ በፊት ያልቅብሃል።

ርቀቱ ከተቀየረ ሂሳቡን እንደ አዲስ ሥራ። በዓለም ላይ የተለመደው ሙሉ ድራግ 402 ሜትር ነው፣ ሩብ ማይል። 201ዱ ግማሹ ነው። በ402 መስመሩ ጋ የምትደርሰው በበለጠ ፍጥነትና በሌላ ማርሽ ስለሆነ፣ ለ201 ያሳጠርከው ስፕሮኬት እዚያ ይከዳሃል። አንዳንዴ ከፋብሪካ የመጣው ራሱ ለ402 ልክ ሆኖ ታገኘዋለህ። ምንም አለመቀየርም ምርጫ ነው፣ ለዚያውም ነፃ።

ደሴ እና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሐረጎን ቁልቁል ስትወርድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ጥለህ ነው የምትሄደው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ኮምቦልቻ ላይ 17 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ደሴ ላይ 22 በመቶ ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ከአየሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ጦሳ ሥር ከእናንተ ጋር አይኖርም፣ ቁልቁል የሆነ ቦታ ቀርቷል።

ታዲያ ደሴ ላይ አነሳሱ ስለሚደክም ትንሽ ማሳጠር ያግዛል፣ ለአንድ ወይም ለሁለት የኋላ ጥርስ ያህል። ጉልበቷ ስለቀነሰ መስመሩ ጋ የምትደርሰውም ዝግ ብላ ስለሆነ፣ ከላይ የሠራነው ሂሳብ ራሱ ወደዚያው ይወስድሃል። ኮምቦልቻ ላይ የተሞከረን ስፕሮኬት እንዳለ ደሴ ላይ «ምርጡ ይሄ ነው» የሚልህን አትስማው፣ በተገላቢጦሽም እንደዚያው።

ግን አደራ፣ የካርቡራቶር በሽታን በስፕሮኬት አታክም። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከፍታ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን ብዙም አይቀንስም። ይበዛበታል፣ ይታፈናል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን) ፍታና እየው። ጥቀርሻ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ከዚያ ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ አንድ ቁጥር አሳንስ። እኔ የሆጤ ዳገት ላይ የሰማሁት ማቃሰት ግማሹ ይሄ ነበር፣ በኋላ ነው ያወቅኩት። በኢንጀክሽን የሚሠሩት አብዛኛውን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሌላው የደሴ ችግር ሜዳ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ለዓይን ሜዳ የመሰለህ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። ስትለካ ሁለቱንም አቅጣጫ ሂድና አማካዩን ውሰድ። ከላይ ወደ ታች ብቻ ሮጠህ ያገኘኸውን ሰዓት ለሰው እንዳትናገር፣ ያሳፍራል።

ስለ ቦታው በግልጽ ልናገር። ደሴም ኮምቦልቻም ለድራግ የተሠራ መንገድ የለም። የደሴ–ኮምቦልቻ አስፋልት ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ፣ አህያው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉ የሚሄድበት ነው። ቦሩ ሜዳም ስሙ ሜዳ ስለሆነ ብቻ መሮጫ አይሆንም። ፈቃድ ያለው የተዘጋ ቦታ ካላገኘህ ሂሳቡን ሥራ፣ ስፕሮኬቱን ግዛ፣ ሩጫውን ግን ተወው። ቦታ ስታገኝም የምትለካው እስከ መስመሩ ብቻ አይደለም፣ ከመስመሩ በኋላ የምታቆምበት ቢያንስ የዚያኑ ያህል ይኑርህ። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ እንኳ በፈረንጆቹ 2008 ፈጣኖቹን መኪኖች ከ402 ወደ 305 ሜትር ያሳጠረው ማቆሚያው አልበቃ ብሎ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ጫማ። በነጠላ ጫማ የመጣ ልጅ እኛ ጋ ሰዓት ይይዛል እንጂ አይሮጥም።

ካቴናው ላይ አትቀልድ

የኋላ ጥርስ ስትጨምር ካቴናው ስለሚያጥር ጎማው ወደ ፊት ይሳባል። የ428 ካቴና ከሆነ ለእያንዳንዱ የኋላ ጥርስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁጠር። ሁለት ጥርስ ብትጨምር 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያው ይችለዋል። ሦስት ጨምረህ ከፊት ደግሞ ብትቀንስ የፊቱ የተወሰነውን ይመልስልሃል። ብቻ ገዝተህ ከመምጣትህ በፊት ጎማው አሁን የት ጋ እንዳለ እይ።

አንድ ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ ከሽንፈቱ በኋላ 13ቱን ከ42ቱ ጋር ለሙከራ ሲገጥምልኝ «ካቴናው ረዝሟል ልጄ» ብሎ ሁለት ማያያዣ ቆረጠው። «ጋሼ፣ ማስተካከያው አይበቃም?» ብዬ ነበር። «እኔ ነኝ መካኒኩ ወይስ አንተ?» አለኝ። ዝም አልኩ። 14ቱን መልሼ 44ቱን ልገጥም ስመጣ ካቴናው አልደርስ አለ፣ ጎማው እስከ ጫፍ ወደ ፊት ሄዶም አልደርስ አለ። አዲስ ካቴና ገዛሁ። ስለዚህ ምርጫህን ሳትጨርስ ማንም ካቴናህን እንዳይቆርጥ። የተቆረጠ አይረዝምም። በዚያ ላይ ጎማው ወደ ኋላ ሲቀር ለድራግ ይሻልሃል፣ ሞተሩ ስለሚረዝም ፊቱ ቶሎ አይነሳም። በ150 ሲሲ ይህ ብዙ አያሳስብም። 600 ምናምን ሲሲ የያዘ ግን ማሳጠሩን ትቶ ፊቷን መሬት ላይ ስለማቆየት ቢያስብ ይሻለዋል።

ስትገዛ የካቴናውን ቁጥር እይ። በ4 የሚጀምረው፣ እንደ 428፣ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በ5 የሚጀምረው፣ እንደ 520፣ 15.875 ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይገባም፣ ሻጩ «ይለምዳል» ቢልህም አይለምድም። የብሎን ቀዳዳዎቹንና የመሃሉን ክብ ከአሮጌው ጋር ደርበህ አመሳክር። አሮጌውን ሳትይዝ ፒያሳ ዕቃ ልትገዛ አትሂድ።

ከፊት ከ13 በታች አትውረድ። ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ካቴናው በጣም ይታጠፋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ የኋላውን ሹካ የሚጠብቀውን ላስቲክም ይበላዋል። ያለቀ ካቴና አዲስ ጥርስን፣ ያለቀ ጥርስም አዲስ ካቴናን ስለሚበላ ሦስቱን፣ ካቴናውንና ሁለቱን ስፕሮኬት፣ አብረህ ብትቀይር በገንዘብ ታተርፋለህ። የጥርሱ ጫፍ ወደ አንድ በኩል ተቀልብሶ የማዕበል ቅርጽ ከያዘ ጊዜው አልፏል።

ከገጠምክ በኋላ ካቴናውን ከታች መሃሉ ላይ በጣትህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ማኑዋልህ ሌላ ካላለ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይጫወት። ጎማውን እያዞርክ በጣም የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ነው የምትለካው፣ ላላ ያለበት ላይ አይደለም። «ለድራግ ይጥበቅ» የሚሉ አሉ። ስትቀመጥበትና የኋላው ዝቅ ሲል የባሰ ይወጠራል፣ ከዚያ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላልሃል። የፊቱን ስፕሮኬት የምትይዘዋን ትንሽ ሳህንና ሁለት ብሎኖቿን አትርሳ፣ ትንሽ ስለሆነች ብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይረሳታል።

ጎማም ስፕሮኬት ነው

100/90-17 ጎማ ቁመቱ 612 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 90/90-17 ደግሞ 594። ልዩነቱ 3 በመቶ ነው፣ ከአንድ የኋላ ጥርስ ይበልጣል። ጎማ ቀይረህ ሳታውቀው አሳጥረህ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የምትሮጥበትን ጎማ ከገጠምክ በኋላ እንጂ በፊት አትለካ።

ስትሞክር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ስፕሮኬት፣ ካንዴላና የጎማ ነፋስ ባንድ ቀን ከቀየርክ ማንኛው እንደጠቀመህ አታውቅም። በእያንዳንዱ ስፕሮኬት ሦስት ጊዜ ሩጥ፣ ያው ሰው፣ ያው ልብስ። ሰዓቱን ከመነሻው ምልክት ሳይሆን ጎማው ከተንቀሳቀሰባት ቅጽበት ጀምሮ በስልክ ቪዲዮ ያዝ፣ አለበለዚያ የምትለካው የራስህን እንቅልፍ ነው። እኔ የምጽፈው የፊት ጥርስ፣ የኋላ ጥርስ፣ መስመሩ ላይ ያለው ማርሽና ዙር፣ ሰዓቱን ነው። ነፋስ ካለ ከጎኑ ቀስት እሠራለሁ።

በ44ቱ ያንን ቦክሰር ድጋሚ ገጠምኩት። መነሻው ላይ እንደ ድሮው ጥዬው አልሄድኩም፣ ጎን ለጎን ነበርን። አራተኛውን አስገብቼ እስከ መስመሩ አልነካሁትም። በአንድ ሞተር ርዝመት ቀደምኩት። ማታ ጓደኛዬን ከኋላ ጭኜ ሐረጎን ስወጣ ከ42ቱ ትንሽ ቀለል ብላኝ ነበር፣ ቤንዚን ግን ትንሽ እንደምትጨምር ልብ በል።

ያ 45ቱ ጥርስ ቤት ወድቆ ነበር። ሸጬው ልገላገል ስል እናቴ «ተው፣ አስቀምጠው» አለችኝ። አሁን ማቶት ሆኗል። ጀበናው መሃሉ ክብ ላይ ልክ ነው የሚቀመጠው።